ታፔላውም አማና ነው



እኛ ዳዕዋ ላይ ያለን ሰዎች ስለ መንገድ ስናወራ አንድ ልማድ አለን። «መንገድ» የሚለው ቃል ከአፋችን እንደወጣ ወዲያው ወደ ሲራጠል ሙስተቂም እንሻገራለን፤ አስፋልቱ እዚያው ይቀርና ምሳሌው ብቻውን ይጓዛል። ምሳሌው ሐቅ ነው፤ በየረከዓው የምንለምነውም እርሱን ነው። ዛሬ ግን ፍቀዱልኝና አስፋልቱ ላይ እንቆይ። የማወራው ስለ ታፔላ፣ ስለ መገንጠያ፣ ስለ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እና መንገድ ላይ ተጥሎ ስለቀረ ድንጋይ ነው። በዲናችን እነዚህ ነገሮች በራሳቸው ጉዳይ ናቸው፤ ለሌላ ነገር ምሳሌ እስኪሆኑ አይጠብቁም።

ሰሞኑን ለአንድ ኒካሕ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ በመኪና ወጥተን ነበር። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ደጋ ለደጋ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ጣርማ በር፣ ከጣሊያን ዘመን የቀረው 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ፣ ከዋሻው ማዶ ደግሞ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስታችሁ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ ትወርዳላችሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ካለው መኪና የኋላ መብራት በቀር የሚታይ ነገር የለም። መንገዱን የለመደ ሹፌር ኩርባውን በእጁ ያውቀዋል፤ ምልክት ባይኖርም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ግን ከምልክቱ በቀር የሚጠይቀው የለውም።

ከዚህ በታች የማነሳቸውን ነገሮች በዚህም በሌሎች መንገዶችም፣ በተለያየ ጊዜ ያየኋቸው ናቸው። ቦታ እየጠራሁ ማንንም መክሰስ አልፈልግም።

አንደኛው መታጠፊያው አፍ ላይ የቆመ ታፔላ ነው። ቀስቱ ወደ ግራ ያሳያል፣ የከተማው ስም ተጽፎበታል፣ ፊደሉም ያምራል። ችግሩ የምታነቡት መታጠፊያው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መሆኑ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመንገድ መሐንዲሶች መንገድ ሲነድፉ አንድ ሹፌር አይቶ፣ ተረድቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 2.5 ሰከንድ ይሰጡታል። በዚህች ጊዜ ውስጥ መኪናው 55 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም! መታጠፊያው ላይ የቆመ ታፔላ ለእግረኛ ይበቃል፣ ለመኪና ግን ያለፈ ወሬ ነው። የእኛ ሹፌር አልፎት ሄደና ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ዞረ። ከኋላችን የነበረው አይሱዙ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእርሱ ኋላ ሌላ መኪና ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እናንተው አስቡት።

ርቀታቸው የማይስማማ ታፔላዎችም አሉ። አንዱ 40 ኪሎ ሜትር ቀረ ይላችኋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላው 43 ይላል። ተሳፋሪዎች እንስቃለን፤ ነዳጁን አስልቶ የሚነዳው ሰው ግን አይስቅም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይነሳ የቀረ የተለዋጭ መንገድ ቀስት አለ፤ አሁንም ወደሌለ መንገድ ይጠራል። አዲስ መስመር ተቀብቶ አሮጌው ሳይጠፋ ሲቀር ደግሞ፣ በተለይ ዝናብ ሲመታው፣ የትኛው መስመር የእናንተ እንደሆነ ይጠፋችኋል። ቀን ላይ ምንም ያልሆነ የሚመስል፣ ማታ ግን ጥቁር ሰሌዳ የሚሆን ታፔላም አለ። የምልክት ሰሌዳ ፊቱ ላይ የመኪና መብራትን መልሶ ወደ ሹፌሩ የሚልክ ልባስ አለው፤ እርሱ በፀሐይና በዕድሜ ሲያልቅ ታፔላው ቆሞ ይታያል እንጂ ማታ አይናገርም።

ስለ ምልክት ካነሳን አንድ የሚያስደስተኝን ነገር ልንገራችሁ። «ቁም» የሚለው ምልክት ለምን ስምንት ማዕዘን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውስ ለምን የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ሆነ? እነዚህን ሁለት ቅርጾች ሌላ ምልክት አይጋራቸውም። ጭቃ ቢሸፍናቸው፣ ቀለማቸው ቢለቅ፣ ከጀርባቸው ቢታዩ እንኳ ምን እንደሆኑ ይታወቃል። ማንበብ የማይችል ሰውም ያውቃቸዋል። ይህን ያሰበው ሰው በሕይወቱ አይቶት ስለማያውቅ መንገደኛ ተጨንቋል። ሱብሓነላህ፣ ይህ ጭንቀት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

አላህ (ሱብሓነሁ ወተዓላ) በሱረቱ ነሕል ጸጋዎቹን ሲዘረዝር 15ኛውና 16ኛው አያ ላይ የሚለውን ተመልከቱ። ተራሮችን ከጠቀሰ በኋላ ወንዞችን፣ ትመሩ ዘንድ መንገዶችን፣ ከዚያም «ዐላማት» ያደረገላችሁ መሆኑን ይነግረናል፤ ምልክቶችን ማለት ነው። ሰዎች በከዋክብትም እንደሚመሩ ይጨምራል። መንገድ ብቻውን አልተጠቀሰም፤ ምልክቱ አብሮት ተጠቀሰ። መንገድ ኖሮ ምልክት ከሌለው ጸጋው ጎዶሎ ነው።

ሱረቱ ሰበእ ላይ ደግሞ የሰበእ ሰዎች ታሪክ አለ። 18ኛው አያ ላይ አላህ በእነርሱና በባረካቸው ከተሞች መካከል በግልጽ የሚታዩ መንደሮችን እንዳደረገላቸው፣ በመካከላቸው ያለውን ጉዞም እንደመጠነላቸው፣ ሌሊትም ቀንም በሰላም እንዲጓዙ እንዳላቸው ይነግረናል። የተፍሲር ዐሊሞች ሲያብራሩት፣ መንገደኛው በአንዱ መንደር ቀትር ላይ አርፎ በሌላው ያድር ነበር፣ ስንቅ መሸከምም አያስፈልገውም ነበር ይላሉ። ሦስቱን ነገሮች ልብ በሉ፦ የሚታይ ነገር፣ የተመጠነ ርቀት፣ የሌሊትና የቀን ሰላም። ዛሬ አንድ መሐንዲስ ጥሩ መንገድ ምን ዓይነት ነው ብትሉት ከእነዚህ የራቀ መልስ አይሰጣችሁም። ሰበኦች ግን ጸጋው ሰለቻቸውና ርቀቱ እንዲራራቅባቸው ለመኑ፤ ታሪካቸው እንዴት እንዳለቀ ቀጣዩ አያ ላይ አንብቡት።

አሁን ወደ ከባዱ ሐዲሥ እንምጣ። ኢማም አሕመድ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የተረገሙ ሰዎችን ይቆጥራሉ። ከእነርሱ መካከል የምድርን ምልክቶች የሚቀይር ሰው አለ፤ ዓይነ ስውርን ከመንገድ የሚያስት ሰውም አለ። የመጀመሪያውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በድንበር ነው፤ የጎረቤቱን መሬት ለመውሰድ የወሰን ድንጋይ የሚገፋ ሰው። ይህ ትክክል ነው። ኢብኑል አሲር «ኒሃያ» በተባለው ኪታባቸው ግን የዐሊሞችን ሌላ ማብራሪያም አብረው ያስቀምጣሉ፦ የተፈለገው ሰዎች በመንገድ ላይ የሚመሩበት ምልክት ነው የሚል። ይህን ይዛችሁ ወደ ሁለተኛው ሰው ተመለሱ። በሌሊት፣ በጉም ውስጥ፣ በማያውቀው ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ሹፌር ከዓይነ ስውሩ በምን ይለያል? ዓይን አለው፤ ግን የሚያየው እኛ ያቆምንለትን ብቻ ነው። በትሩ ታፔላው ነው። በትሩን የወሰደበት ሰው ምን እንደሚባል ሐዲሡን ሰምታችኋል።

«ኡስታዝ፣ ታፔላ የሚተክለው መንግሥት ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኃላፊነቱ መጀመሪያ የኃላፊው ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በዒራቅ ስለምትደናቀፍ በቅሎ ተናገሩት የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በቀደሙት ኪታቦች የሚገኘው በፉራት ዳር ጠፍቶ ስለሚሞት እንስሳ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ያው ነው፣ ገዥ ባላየው መንገድ ላይ ስለሚደርሰው ነገር አላህ እንዳይጠይቀው ይፈራል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም መንገድን ሥራቸው አድርገውታል። ከ65 እስከ 86 ዓመተ ሒጅራ የገዙት ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን በሻምና በቁድስ መንገዶች ላይ ያስተከሏቸው የማይል ድንጋዮች ዛሬም አሉ። ቢስሚላህ ተቀርጾባቸው፣ ከታች ደግሞ ከቁድስ እስከዚህ ስምንት ማይል፣ ከደማስቆ እስከዚህ 109 ማይል እያሉ ለመንገደኛው ርቀቱን ይነግሩታል። የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳም (አላህ ይዘንላቸው) ከኩፋ እስከ መካ ያለው የሐጅ መንገድ ላይ ውኃና ማረፊያ ስላሠሩ መንገዱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ ነው፤ እዚያ ላይ ጉድጓዱ ወዴት እንደሆነ የሚናገር ምልክት ማጣት መሞት ማለት ነበር።

ታዲያ የእኛ ድርሻ የቱ ጋ ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ካየኋቸው ችግሮች ግማሽ ያህሉ የመሐንዲስ አልነበሩም። የእኛ የመንገደኞቹና የነዋሪዎቹ ነበሩ።

የወረቀት ነገር አለ። ታፔላው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ የትምህርት ቤት፣ የሙዚቃ ድግስ፣ የሚሸጥ ቤት። አንዱ ላይ ግን ያየሁት የዳዕዋ ፕሮግራም ነበር። የዳዒው ፎቶ የኩርባውን ቀስት ሸፍኖታል። ሰዎችን ወደ አላህ መንገድ እየጠራን፣ ያሉበትን መንገድ ሸፈንንባቸው! የመስጂድ፣ የጀመዓ፣ የሐጅና ዑምራ ማስታወቂያ የምትለጥፉ ወጣቶች በዚህ ጉዳይ አላህን ፍሩ። ግድግዳ ሞልቷል፣ ቴሌግራም ሞልቷል።

የብረት ነገርም አለ። የታፔላ ቋሚና የድልድይ ዳር መከላከያ ብረት ተነቅሎ ለቁራሌ ይሸጣል። ነቃዩ ሌባ መሆኑን ማንም አይከራከርም። እያወቀ የሚገዛውስ? የሐራሙ ተካፋይ ነው። ብረቱ የወጣበት ገደል ላይ የሚሆነውን ነገር ደግሞ በሚዛን አይመዝኑትም።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚነካው የድንጋዩ ነገር ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲኖትራክ መንገድ ላይ ይበላሻል። ሹፌሩ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን የለውም፤ ወይ አለው፣ እንዳይሰረቅበት ፈርቶ አያወጣውም። ስለዚህ ረዳቱ ከመንገድ ዳር ትልልቅ ድንጋይ ያመጣና ከመኪናው ኋላ ይደረድራል፣ ፈንጠር አድርጎ ደግሞ ቅጠል ይጥላል። ቅጠል ያየ ሹፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የትም ያልተጻፈ ሁሉም የሚያውቀው የአገራችን ምልክት ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራው ኸይር ነው፤ ሰውን ከአደጋ ማስጠንቀቅ ነው። ከዚያ መኪናው ይጠገናል። ሹፌሩ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይሄዳል። ድንጋዩ ይቀራል።

ከአንድ ሰዓት በፊት የብዙ ሰው ሕይወት ያዳነው ያ ድንጋይ አሁን ሲመሽ ሞተር ሳይክል የሚነዳ የአንድ ቤት ልጅ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ በየመድረሳችን የሚቀራው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ውስጥ፣ ስለ ዲያ በሚናገረው ክፍል ያለች መስአላ ትዝ ትለኛለች። አንድ ሰው ያለ አግባብ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሌላው ሰው ያለ አግባብ ድንጋይ አስቀመጠ፤ መንገደኛው በድንጋዩ ተደናቅፎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ሞተ። ተጠያቂው ማነው? ገዳዩ ጉድጓዱ ይመስላል። ኢማሙ ግን ተጠያቂነቱ የድንጋዩ አስቀማጭ ላይ ነው ይላሉ፤ ሰውየውን ወደ ጥፋቱ የገፋው መጀመሪያው ምክንያት እርሱ ነውና። ፉቀሃዎቹ ይህን የጻፉት አስፋልትም ሲኖትራክም ሳይኖር ነው። ድንጋይ ግን ያኔም ድንጋይ ነው።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውም እዚያው ምዕራፍ አጠገብ ቦታ ያገኛል። ብዙ ቦታ ነዋሪው ልጅ ሲገጭበት ጊዜ በራሱ አፈርና ድንጋይ፣ አንዳንዴም ሲሚንቶ አምጥቶ ጉብታ ይሠራል። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ልጁን የቀበረ አባት ማመልከቻ ጽፎ መልስ እስኪመጣ ቁጭ ይበል ልለው አልችልም። ግን ቀለም ያልተቀባ፣ ከፊቱ ምልክት የሌለው ጉብታ ማታ የሚመጣውን ሰው ከመኪናው ያስወጣዋል። ፉቀሃዎች መንገድ ላይ ስለሚቆፈር ጉድጓድ ሲናገሩ ለሕዝብ ጥቅም የተቆፈረውን ለግል ጥቅም ከተቆፈረው ይለያሉ፤ በጠባብ መንገድ ላይ አላፊውን የሚጎዳ ከሆነ ግን ቆፋሪው ይጠየቃል። ኒያው ማማር አይበቃም ማለት ነው፤ አላፊው መትረፍ አለበት። ሠፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉብታ ካለ ቢያንስ ነጭ ቀለም ግዙለት። አንድ ጣሳ ቀለም ለጀመዓ ከብዶ አያውቅም። (በአንድ የተወሰነ አደጋ ላይ ማን ይከፍላል የሚለውን ግን ከዚህ ጽሑፍ አትውሰዱ፤ ዐሊምም ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አይቶ የሚለው ነው።)

አቡ በርዛ (ረ.ዐ) የሚባሉ ሶሓባ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው የምጠቀምበትን ነገር አስተምሩኝ ብለው ጠየቁ። እኔ ብሆን ረጅም ዚክር፣ የሌሊት ሶላት እጠብቅ ነበር። ሙስሊም በዘገቡት መሠረት መልሱ ከሙስሊሞች መንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር አስወግድ የሚል ነበር። በሌላ ሐዲሥ እሾሃማ ቅርንጫፍ ከመንገድ ያነሳ ሰው አላህ አመስግኖት ማረው ተብሏል። ኢማን ከስልሳ ወይም ከሰባ በላይ ቅርንጫፍ አለው፣ ዝቅተኛው አስቸጋሪን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ነው የሚለውንም በልጅነታችን ሐፍዘነዋል። «ዝቅተኛ» የሚለውን ስንሰማ «ቀላል፣ ቢቀርም ግድ የለም» የሚል ይመስለናል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ዝቅተኛ ማለት የመጨረሻዋ ደረጃ ናት፤ ከእርሷ በታች የሚረገጥ የለም።

መንገድ ዳር መቀመጥን አስመልክቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን የመንገድን ሐቅ እንዲሰጡ ማዘዛቸው የታወቀ ነው። ዓይንን መስበር፣ ሰላምታ መመለስ፣ ሰውን አለማስቸገር፣ በመልካም ማዘዝ ከመጥፎ መከልከል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ላይ ደግሞ መንገድ የጠፋውን መምራት ተጨምሯል። ይህቺን መገንጠያ ላይ ሱቅ ያላችሁ፣ ባጃጅ የምትሠሩ፣ ጀበና ቡና የምታፈሉ እህቶች ያዙልኝ። ታፔላው ያሳሳተው ሰው ቀጥሎ የሚያገኘው እናንተን ነው። በቀን ለሃያኛ ጊዜ «ወዴት ነው የሚያስወጣው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ሰልችቷችሁ በእጅ ብቻ አታመልክቱ። የማታውቁትን መንገድ ደግሞ ላለማሳፈር ብላችሁ አትንገሩ፤ «አላውቅም» የሚለው መልስም መምራት ነው።

መሪ የያዛችሁትም ብትሆኑ መውጫው ካለፋችሁ አለፋችሁ። በፈጣን መንገድ ላይ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ነበሩ። ቀጣዩ መውጫ አሥር ኪሎ ሜትር ቢርቅም አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ አስተግፊሩላህ እያሉ ይደረሳል። በሚኒባስ ውስጥ የተቀመጣችሁም ዝም አትበሉ። ሹፌሩ ምልክት እየጣሰ ሲሄድ አሥራ አምስት ሰው ስልኩን አቀርቅሮ ያያል። «ወንድሜ፣ በአላህ፣ ቀስ በል» ለማለት ኡስታዝ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን አንብቦ ነገ ሮጦ መንገድ መሀል የሚገባ እንዳይኖር። ለማንሳት ስትፈልጉ መጀመሪያ መኪናችሁን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አቁሙ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብሩ፣ አንድ ሰው ከሩቅ ቆሞ የሚመጣውን መኪና ያይላችሁ። ኩርባ ላይ፣ በጨለማ፣ በጉም፣ ወይም በፈጣን መንገድ ላይ ከሆነ አትውረዱ፤ ቦታውን ያዙና በቀጣዩ ከተማ ለምታገኙት ትራፊክ ፖሊስ ንገሩ። ድንጋዩን ስታነሱ ወደ ቦዩ አትወርውሩት፤ ክረምት ሲመጣ ውኃውን ዘግቶ አስፋልቱን ያስበላዋል። ራቅ አድርጋችሁ ከቦዩ ማዶ አስቀምጡት። ሹፌሮችና ረዳቶች ደግሞ ድንጋዩን ከደረደራችሁ ቁጥሩን ያዙ፤ አራት አስቀምጣችሁ ከሆነ ሞተር ከመነሳቱ በፊት አራት ይነሳ፤ ቅጠሉም አብሮ ይነሳ።